የዋጋ ክርክር ወይስ ቅሚያ?



ውድ አንባቢ! ኪስ አውላቂን ትጠላለህ። ሚዛን የሚያጎድለውን ነጋዴም ትረግማለህ፤ ስለ እርሱ የወረደውን ሱረቱል ሙጠፊፊንን ከልጅነትህ ጀምሮ ሐፍዘኸዋል፣ በየኹጥባውም ሰምተኸዋል። እኔ ዛሬ ልነግርህ የተነሣሁት ግን ስለ ሌላ ሌባ ነው። ይህ ሌባ ሱቅ የለውም፤ ሚዛንም የለውም። ዘንቢል አንጠልጥሎ ገበያ የሚወጣ ገዢ ነው። ሲሰርቅም ማንም «ሌባ!» ብሎ አይጮህበትም፤ እንዲያውም ቤቱ ሲገባ «እንዴት ያለ ጎበዝ ነህ!» ተብሎ ይመሰገናል። ማን ነው ብለህ ዞር ዞር አትበል። አንተ ነህ፤ እኔም ነኝ። ከራሴ ልጀምር።

በ2009 ዓ.ም. ከሁለት ወዳጆቼ ጋር ለአንድ ዘመዳችን ኒካሕ ወደ መርጡለ ማርያም ተጓዝን። ከአዲስ አበባ ተነሥተን፣ ዐባይን ተሻግረን፣ ደጀን ላይ ከዋናው መንገድ ተገንጥለን በቢቸናና በደብረ ወርቅ በኩል ወደ እነብሴ ሳር ምድር አመራን። ቢቸና አድረን በማለዳ ተነሣን። ዕለቱ የመርጡለ ማርያም ገበያ የሚቆምበት ቀን ስለነበረ መንገዱ ገና በጧቱ በገበያተኛ ተሞልቷል። ጤፍና ባቄላ የተጫኑ አህዮች፣ በግ የሚነዱ ልጆች፣ ዶሮ አንጠልጥለው የሚሄዱ ሴቶች፣ ጌሾ የተሸከሙ ጎልማሶች፣ ሁሉም ፊቱን ወደ አንድ አቅጣጫ አዙሮ ይጓዛል። ከመካከላችን አንዱ፣ የገበያን ነገር አውቃለሁ ባይ፣ «ገበያ ከደረሱ በኋላ ይወደዳል፤ መግዛት እዚሁ መንገድ ላይ ነው» አለን። ምክሩ ጥሩ መሰለን። መኪናውን አቆምን።

ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የሚጠጋ አንዲት እናት በእንቅብ ቅቤ ይዘው አጠገባችን ደረሱ። ቅቤው በቅጠል ተሸፍኗል። ገለጥ አድርገው አሳዩን። መዓዛው ገና ከመኪናው ሳልወርድ ነበር የደረሰኝ። ልቤ ወደደው። ምላሴ ግን ሌላ ተናገረ።

«እናቴ፣ ይህ ቅቤ የቆየ ነው መሰለኝ፤ መሽተት ጀምሯል» አልኳቸው።

«ኧረ ልጄ! ትናንት የናጥኩት ነው» አሉ።

«ውኃም በዝቶበታል።»

«እስቲ ቅመሰው!»

ቀመስኩት። ውኃ አልነበረበትም። ፊቴን አኮማትሬ «ይሁን እንግዲህ፤ ስንት ይሉታል?» አልኩ።

ሁለት መቶ ብር አሉ። እኔ መቶ ሃያ ጠራሁ። ጓደኛዬ ከኋላዬ ሆኖ፣ እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ተዋቸው፤ ፀሐይ ሲበረታ ይቀልጥባቸዋል፤ ገበያ ሳይደርሱ ፈስሶ ያልቃል» አለ። እናቲቱ ቀና ብለው ሰማዩን አዩ። «የማዳበሪያ ዕዳ ባይኖርብን እኮ አልሸጠውም ነበር» ብለው ለራሳቸው አጉረመረሙ። በመቶ አርባ ብር ተስማማን። ብሩን ቆጥረው፣ በመቀነታቸው ጫፍ ቋጥረው፣ ባዶ እንቅባቸውን ይዘው መንገዳቸውን ወደ ገበያው ቀጠሉ።

ከዘመዳችን ቤት ስንደርስ ባለቤቲቱ ቅቤውን በእጇ መዘን አድርጋ «ይህማ ዛሬ ከገበያ በሁለት መቶ ሃምሳ አይገኝም!» አለች። እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግርህ አልችልም! ድል አድርጎ ከዘመቻ እንደተመለሰ ሰው ደረቴን ነፋሁ።

ኒካሑ ለማግሥቱ ስለነበረ ገበያውን ልናይ ወጣን። መርጡለ ማርያም በጥንታዊ ቤተ ክርስቲያኗ ስሟ የታወቀ ከተማ ናት፤ ገበያዋ ደግሞ የሁሉም ነው። ደገኛው ገብሱንና ባቄላውን፣ ከዐባይ በረሃ አፋፍ የመጣው የቆላ ሰው የራሱን ይዞ ይገናኛል። ግፊያው ሌላ፣ አቧራው ሌላ፣ የአህያው ጩኸትና የሻጩ ጥሪ ሌላ! የእህል ተራ፣ የቅቤና የማር ተራ፣ የከብት ተራ፣ የጨርቅ ተራ እያልን ስንዞር አንድ ሙስሊም ወንድማችን ጨርቁን ዘርግቶ ከአንድ ገበሬ ጋር ሲከራከር ደረስን። ገበሬው አንገቱ ላይ ማተብ ያሠረ ነው፤ ሚስቱ ከኋላው ቆማ ጨርቁን በጣቷ ታሻሻለች። ክርክሩ ሲረዝም ነጋዴው «ወላሂ! እኔ ራሴ የገዛሁበት ዋጋ ነው፤ አንድ ብር አላተረፍኩበትም» አለ። ገበሬው ወደ ሚስቱ ዞሮ «ወላሂ ካለማ ምን ቀረ፤ እስላም በከንቱ አይምልም» ብሎ ብሩን ቆጠረ። ባልና ሚስቱ ራቅ እንዳሉ ወንድማችን እየሳቀ በዚያች ቁራጭ ጨርቅ ላይ ስልሳ ብር እንዳተረፈ ነገረን። እኛም ሳቅን። አዎን፣ ውድ አንባቢ፣ እኔም ሳቅሁ! ማትረፉ ሐላል ነው፤ ማንም አይከለክለውም። የአላህን ስም በስልሳ ብር መሸጡ ነው ጉዱ።

አዲስ አበባ ተመልሼ በእራት ሰዓት ቅቤውን እንዴት እንደገዛሁት ለቤተሰቤ ተረክሁ። «መሽተት ጀምሯል አልኳቸው፤ ውኃ በዝቶበታል አልኳቸው» እያልኩ የራሴን ብልጠት ሳወራ የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ጉርሻዋን ይዛ ቆየችና «አባባ፣ የሚሸት ከሆነ ለምን ገዛኸው?» አለችኝ። «አይ፣ አይሸትም ነበር፤ እንዲቀንሱልኝ ብዬ ነው» አልኳት። «ታዲያ ዋሸህ?» አለች።

መልስ አልነበረኝም። ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። በልጅነቴ ደረሳ ሆኜ ኪታብ ስቀራ ቆይቻለሁ፤ ዛሬ የሰው ልጆች ተሰብስበው ከፊቴ ይቀራሉ። የገበያን አሕካም አስተምሬያለሁ። ለካ ያስተማርኩት ሁሉ ስለ ሻጩ ነበር! ገዢው በፍርዱ ቀን ሂሳብ የሌለበት ይመስል ስለ እርሱ አንድ ቀን እንኳ ተናግሬ አላውቅም።

የነቢዩ ሹዐይብ ሕዝቦች ወንጀል

እስቲ ቁርአንህን ክፈትና ሱረቱል አዕራፍን ተመልከት። አላህ (ሱ.ወ.) ነቢዩ ሹዐይብን (ዐ.ሰ.) ወደ መድየን ሰዎች ላካቸው። መድየኖች ነጋዴዎች ነበሩ። ነቢዩ በአላህ አንድነት ካስተማሯቸው በኋላ ወዲያው ያነሡባቸው የገበያቸውን ጉዳይ ነው። ስፍርንና ሚዛንን እንዲሞሉ አዘዟቸው። እዚህ ላይ አላበቁም፤ የሰዎችን ነገሮች ከማሳነስና ከማጉደል ከለከሏቸው። ቀጥለውም በየመንገዱ ተቀምጠው ሰውን ከማስፈራራት አስጠነቀቋቸው።

ሁለተኛውን ነገር ልብ በል። ስፍርና ሚዛን ለብቻው ተጠቅሷል። የሰውን ነገር ማሳነስ ደግሞ ለብቻው ተጠቅሷል። ታላቁ ሙፈሲር አል-ቁርጡቢ ይህን ሲያብራሩ ማሳነስ ማለት ዕቃውን በማነወርና በማጣጣል፣ በዋጋው ላይ በማታለል፣ በስፍርም በመጨመርና በመቀነስ ይሆናል ብለዋል። እንግዲህ ፍረድ! የመጀመሪያው የገዢ ሥራ አይደለምን? በልብህ የወደድከውን ዕቃ በአፍህ የምታነውረው አንተ አይደለህምን? እኔ በዚያ መንገድ ላይ «መሽተት ጀምሯል» ያልኩት ይኸው ነው። ያንን ቃል ከመናገሬ በፊት ቅቤው የሁለት መቶ ሃምሳ ብር ንብረት ነበር፤ ስድሳውን ብር ከጠየቁት ላይ የወሰደው ገንዘቤ ሳይሆን ውሸቴ ነው። ብዙዎቻችን ይህን «የገበያ ወግ» እንለዋለን፤ ቁርአኑ ግን ሕዝብን ላስጠፋ ወንጀል ጎን አሰልፎታል።

ቃሉ «የሙእሚኖችን ነገር» አላለም፤ የሰዎችን ነው ያለው። ይህን የምጠቅስልህ አንዳንድ ጊዜ በሹክሹክታ የሚባለውን ስለሰማሁ ነው፤ «እርሷ እኮ ሙስሊም አይደለችም» ይባላል። አዑዙ ቢላህ! ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከዚህ ዓለም ሲለዩ የጦር ልብሳቸው በገብስ ዋስትና አንድ አይሁዳዊ ዘንድ ተይዞ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ነግራናለች። ከሙስሊም ያልሆነ ጎረቤታቸው ገዙ፤ መያዣ ሰጡ። የጎጃም ገበሬ መቀነት ውስጥ ያለው ብር ከሶላተኛው ኪስ ካለው ብር በምን ያንሳል?

ለምናቀርበው ሰበብ መልስ

«ዋጋ መከራከር ሐላል ነው፤ ነቢዩም ተከራክረዋል» ትለኛለህ። እውነትህን ነው። ጃቢር ኢብኑ ዐብዱላህ (ረ.ዐ.) በጉዞ ላይ ሳለ ግመሉ ደክሞ ወደ ኋላ ቀረበት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ደረሱበትና ዱዓ አድርገውለት ግመሉን ነካ ቢያደርጉት ከወትሮው የበለጠ ፈጠነ። ከዚያ በኋላ እንዲሸጥላቸው ጠየቁት፤ በዋጋው ተነጋገሩ፤ ጃቢርም እስከ መዲና ሊቀመጥበት ተስማምተው ሸጠላቸው። ይህ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ ነው፤ ክርክር እንደሚፈቀድም ማስረጃ ነው። ግን አስተውል! ግመሉ ደክሞ በቆመ ጊዜ ዋጋውን አልጠየቁም፤ ከፈጠነ በኋላ ነው የጠየቁት። «ግመልህ ሽባ ነው፤ በረሃ ላይ ይሞትብሃል» አላሉም። መዲና ሲገቡ ደግሞ ዋጋውን ከነጭማሪው አስመዝነው ሰጡት፤ ግመሉንም መለሱለት። አንተ የክርክሩን ሱና ይዘህ የጭማሪውን ሱና የት ጣልከው?

«ወዳ ነው የሸጠችው፤ ማንም አላስገደዳትም» ትለኛለህ። መውደድ ማወቅን ይፈልጋል ወንድሜ! የገበያውን ዋጋ የማያውቅ ሰው የወደደው ያልነገርከውን ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሸቀጥ ይዘው ወደ ገበያ የሚመጡትን ሰዎች መንገድ ላይ ወጥቶ ተቀብሎ መግዛትን ከልክለዋል። በሙስሊም ዘገባ ደግሞ እንዲህ የተገዛበት ባለ ሸቀጥ ገበያው ከደረሰ በኋላ ሽያጩን የማጽናት ወይም የማፍረስ ምርጫ እንዳለው ተገልጿል። ዑለማእ በዝርዝሩ ቢለያዩም የክልከላው ምክንያት ግልጽ ነው፦ መንገደኛው የገበያውን ዋጋ ሳያውቅ እንዳይበላ ነው። ይህ ሐዲስ ስለ ዐረብ ግመለኞች ብቻ የተነገረ ይመስልሃል? ስለ ደጀን መንገድ ነው! ስለ ቢቸና መንገድ ነው! ከየከተማው መግቢያ ጆንያ አንጥፎ አህያዎቹን እያስቆመ ስለሚገዛው ነው፤ መኪናውን አቁሞ ከመስኮቱ እጁን ስለሚዘረጋው የከተማ ሰውም ነው። ያቺ እናት እኮ ገበያ ገብተዋል! የቅቤውን ዋጋ በጆሯቸው ሰምተዋል። ምርጫ ነበራቸው፤ ምርጫቸውን የሚጠይቁት ሰው ግን ቅቤውን ጭኖ ሄዷል።

«ገበሬውም ያጭበረብራል፤ ማሩ ውስጥ ስኳር፣ ቅቤው ውስጥ ሌላ ስብ ይቀላቅላል» ትለኛለህ። አዎን፣ የሚቀላቅል አለ፤ እርሱም በአላህ ዘንድ ይጠየቃል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን እህል ክምር ውስጥ አስገብተው እርጥበት ባገኙ ጊዜ ባለቤቱን ዝናም የመታውን ሰው እንዲያየው ከላይ ለምን አላደረግህም ብለው ገሥጸውታል፤ አታላይ ከእኔ ወገን አይደለም ማለታቸውም ይታወቃል። እንግዲህ እጅህን ክምሩ ውስጥ ማስገባት፣ መቅመስ፣ መመርመር መብትህ ነው። ነውር ስታገኝ ተናገር፤ ዋጋውንም በነውሩ ልክ አስቀንስ። ያላየኸውን ነውር ግን አትፍጠር። የሌላው ማጭበርበር ለአንተ ውሸት ፈቃድ የሚሆነው በየትኛው ኪታብ ነው?

«ኑሮ ተወድዷል፤ እኛም ድሆች ነን» ትለኛለህ። ይህኛው ሰበብ እውነት አለበት፤ የብዙዎቻችን ቤት ተቸግሯል። ቢሆንም ራስህን በሐቅ ጠይቅ። ትልቁ የከተማ መደብር ገብተህ የተለጠፈውን ዋጋ ሳትተነፍስ ትከፍላለህ። ምግብ ቤት ተቀምጠህ ለአስተናጋጁ ጉርሻ ትተህ ትነሣለህ። የስልክ ካርድ ስትገዛ «አምስት ብር ቀንስ» አትልም። ጉልበትህ የሚበረታው አስፋልት ዳር አሥር እንቁላል ዘርግታ በተቀመጠችው ላይ ብቻ ነው። ድህነት ቢሆን ኖሮ ሁሉም ዘንድ ትከራከር ነበር። ይህ ድህነት አይደለም፤ የደከመን ለይቶ መጫን ነው።

አንቺም እህቴ ሆይ! ሽንኩርቱን በሚዛን ከተቀበልሽ በኋላ «መርቂልኝ» ማለትሽ ነውር የለበትም፤ የአገር ወግ ነው፤ ሻጯም ደስ ብሏት ትመርቅልሻለች። ነገር ግን ሳትፈቅድልሽ እጅሽን ሰድደሽ ከክምሯ የምታነሺው አንድ ራስ ሽንኩርት ምርቃት አይባልም። እያየሽ ያለው ልጅሽ ያንን ነው የሚማረው።

ሚዛን ርስታችን ነበር

ውድ አንባቢ! አባቶቻችን በዚህ አገር በብዙ ዘመን ርስት ተከልክለው ኖረዋል። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ እስኪወጣ ድረስ በደጋው አገር ለብዙው ሙስሊም የቀረለት ንግድና ሽመና ነበር። በጎጃም ምድር፣ ዛሬ የጁቤ ከምትባለው ከተማ አጠገብ፣ ባሶ የሚባል ታላቅ ገበያ ነበር። እንግሊዛዊው ተጓዥ ቻርልስ ቢክ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ ጎጃም ተቀምጦ ስለዚህ ገበያ ጽፏል። ከዐባይ ማዶ ከእናርያ ቡናው፣ ወርቁ፣ ዝባዱና የዝሆን ጥርሱ ይመጣል፤ ከሰሜን አሞሌ ጨው ይወርዳል። ይህን ሁሉ ከያዙት መካከል የጣና ዳሯ የደሪጣ ሙስሊም ነጋዴዎች ነበሩበት። ታሪክን ስናወራ ደግሞ አንሸፋፍን፤ በዚያው ገበያ የሰው ልጅም በባርነት ይሸጥ ነበር፤ ከሻጮቹም ወገኖቻችን አልጠፉም። ገበያ ያለ አላህ ፍርሃት ምን እንደሚሆን ከዚያ በላይ ምስክር የለም።

ያም ሆኖ መሬት የተከለከለ ሕዝብ ከጎረቤቱ ጋር የኖረው በቃሉ ነው። ርስታችን ሚዛናችን ነበር። ያ ማተብ ያሠረ ገበሬ «እስላም በከንቱ አይምልም» ሲል የተናገረው ስለ ጨርቅ ሻጩ አልነበረም። ስለ ቅድመ አያቶቹ ነበር። እነርሱ በብዙ ትውልድ ያጠራቀሙትን እምነት ወንድማችን በአንድ ጧት መነዘረው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መሐላ ሸቀጥን ቢያሸጥም በረካን እንደሚያጠፋ አስተምረውናል። ሸቀጡን በውሸት መሐላ የሚሸጥ ሰውም በቂያማ ዕለት አላህ ከማያናግራቸው ሰዎች ጋር ተቆጥሯል። የጠፋው የአንድ ሱቅ በረካ ብቻ አይደለም፤ የሁላችንም ነው።

ገበሬው ደግሞ ከእኛ በፊትም ብዙ ተበድሏል። በደርግ ዘመን የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በቁርጥ ዋጋ ኮታ ጥሎበት፣ ከገበያው በታች በሆነ ሒሳብ እህሉን ያስረክብ ነበር፤ ጎጃምም ከዋነኞቹ የኮታ አገሮች አንዱ ነበር። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ኮታው ቀረ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዋጋ በተወደደ ጊዜ ሰዎች ዋጋ እንዲተምኑላቸው ሲጠይቋቸው፣ በማንም ላይ የደም ወይም የገንዘብ በደል ሳይኖርባቸው አላህን መገናኘት እንደሚሹ ነግረው እንቢ ማለታቸው ተዘግቧል። መንገድ ላይ ቆመን ባለማወቁ የምንበላው ገበሬ ታዲያ ለእርሱ ከኮታው በምን እንለያለን? ያኛው በመንግሥት ኃይል አጎደለው፤ እኛ በእርሱ አለማወቅ አጎደልነው።

ሸሪዓችን ከአንድ ሺህ አራት መቶ ዓመት በፊት ያለው «ሻጩ ዋጋውን ይወቅ» ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከዓላማዎቹ አንዱ ገበሬው የማዕከላዊውን ገበያ ዋጋ እንዲያውቅ ነበር። ዛሬ የእጅ ስልክ ብዙ ገበሬ ዘንድ ደርሷል። የአንዲት እንቅብ ቅቤን ዋጋ ግን የሚናገር ሰሌዳ የለም፤ ያንን የሚናገረው የገዢው አማና ብቻ ነው።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ምክንያት ደግሞ መንገዶች በተደጋጋሚ ተዘግተዋል። መንገድ ሲዘጋ ገበሬው ምርቱን ታቅፎ ይቀመጣል፤ በተከፈተች ቀን የደረሰው መኪና የፈለገውን ዋጋ ይቆርጣል። ነጋዴ የሆንከው ወንድሜ ሆይ! ለአደጋው፣ ለነዳጁ፣ ለድካምህ ትርፍ ያዝ፤ ሐቅህ ነው። የሰውን ጭንቀት ግን በትርፍህ ውስጥ አትቁጠር።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ መንገድ ላይ አትግዛ፤ ገበያተኛው ገበያው ይድረስ። መንገድ ላይ መግዛት ግድ ከሆነብህ የገበያውን ዋጋ የምታውቀውን ያህል በእውነት ንገረው። ሁለተኛ፣ የወደድከውን ዕቃ አታነውር። «ጥሩ ዕቃ ነው፤ አቅሜ ግን ይህን ያህል ነው» ማለት ይቻላል፤ ምላስህ አይቆረጥም። ሦስተኛ፣ ስትሸጥም ስትገዛም አትማል። አራተኛ፣ ሌላው ሰው ተስማምቶ ሊከፍል በደረሰበት ላይ አትግባ፤ ልትገዛ ሳትፈልግም ዋጋ እየጠራህ ሌላውን አታስወድድ፤ ሁለቱም በሐዲስ የተከለከሉ ናቸው። አምስተኛ፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ያልተሸጠ ዕቃዋን ይዛ የቀረችውን ሴት አድብተህ አትጠብቃት።

«ይህን ማን ይችለዋል?» ካልከኝ የቻሉት ሰዎች ነበሩ። ጀሪር ኢብኑ ዐብዱላህ (ረ.ዐ.) ለእያንዳንዱ ሙስሊም መልካም አሳቢ ሊሆን ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቃል ገብቶ ነበር። አገልጋዩ በሦስት መቶ ድርሃም ፈረስ ተስማምቶለት ባለቤቱን ለክፍያ ይዞ መጣ። ጀሪር ፈረሱን አየና ፈረስህ ከዚህ በላይ ያወጣል እያለ፣ ባለቤቱ በተስማማ ቁጥር ራሱ ዋጋውን እየጨመረ፣ በስምንት መቶ ገዛው። ገዢው በራሱ ላይ ጨመረ! እኔ ከአንዲት እናት ስድሳ ብር ለማስቀነስ ዋሸሁ፤ እርሱ በራሱ ላይ አምስት መቶ ድርሃም ጨመረ። ሁለታችንም ሙስሊም እንባላለን።

ልጄ ከጠየቀችኝ በኋላ የቅቤውን ልዩነት ለዘመዴ ልኬ፣ የእናቲቱን መልክና የመጡበትን አቅጣጫ ነግሬ፣ እንዲፈልግልኝ ለመንኩት። በሦስት ገበያ ቀን በቅቤ ተራ ፈለጋቸው። አላገኛቸውም። ብሩን በእርሳቸው ስም ለድሃ ሰጠሁ። ዕዳው ተከፍሎ እንደሆነ አላህ ያውቃል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እውነተኛ ከሳሪ የሚሉት ሶላቱን፣ ፆሙንና ዘካውን ተሸክሞ ቀርቦ፣ የበደላቸው ሰዎች ምንዳውን ተካፍለውት ባዶ እጁን የሚቀረውን ሰው ነው። በዚያ ቀን አንዲት እናት ባዶ እንቅብ ይዘው ወደ እኔ ሲመጡ ይታየኛል። ያን ጊዜ «የቆየ ነው፤ መሽተት ጀምሯል» ልላቸው አልችልም። እርሳቸውም ምንዳዬን ሲወስዱ «ቀንሺልኝ» ብዬ የምከራከርበት አፍ አይኖረኝም።

ውድ አንባቢ! በሚቀጥለው የገበያ ቀን ዘንቢልህን ስታነሣ ይህን አስታውስ። ልጅህንም ይዘኸው ውጣ፤ ምስክር ይሁንብህ።

አላህ ስንሸጥም ስንገዛም፣ ዕዳ ስንከፍልም ስናስከፍልም ገራሞች ከሚሆኑትና ከሚታዘንላቸው ባሮቹ ያድርገን። የበደልናቸውን ሳንሞት የምናስደስትበትን ዕድል ይስጠን። አሚን!

ወላሁ አዕለም።